ሃያ ዶላር ለበረከት

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ስድስተኛ አለ የሚል ካለ ወሬ ነው።

አንደኛው እኔ ነኝ። ሴንት ፖል ውስጥ የትምህርት ቤት ባስ እነዳለሁ። ትምህርት ቤትን በልጅነቴ ባቋርጥም መማርን አላቋረጥኩም። የቤቴን ማሞቂያ ራሴ ጠግኛለሁ፤ ታክሴን ራሴ እሠራለሁ፤ የመኪናዬን ፍሬን ራሴ ቀይሬ ራሴ ነድቼዋለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በሕይወት አለሁ። መጠየቅ ነውር አይደለም ይባላል። እኔ ጠይቄ ስለማላውቅ ነውር ይሁን አይሁን መመስከር አልችልም።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ስታባብል ውላ ማታ ወደ እኔ ትመጣለች። ንግግሯ ትንሽ ነው። እኔ ብዙ የምናገረው የእሷም ድርሻ እንዳይባክን ብዬ ነው።

ሦስተኛዋ ልጃችን ቤዛ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት ትስቃለች።

አራተኛው ቶለሳ፣ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ የረጅም ጊዜ ጓደኛዬ ነው። ቤቱ ኦሮምኛ፣ ታክሲው ውስጥ እንግሊዝኛ፣ እኔን ለመስደብ አማርኛ ይናገራል። ገንዘብ ከእጁ የሚወጣው ጥርስ እንደሚነቀል ነው፤ መጀመሪያ ይነቃነቃል፣ ከዚያ ይደማል።

አምስተኛዋ እትዬ ዘነበች ናቸው። ሚኒያፖሊስ፣ ሌክ ስትሪት ላይ ነጠላ፣ በርበሬና የሕፃናት ጫማ የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ለምን ጫማና በርበሬ አንድ መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጡ የጠየቀ ሰው ሁለቱንም ገዝቶ ይወጣል። እጃቸው ለጋስ፣ ምላሳቸውም ለጋስ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ።

ቤዛ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አፓርትመንት ተከራይታ ሙቭ ማድረግ እንደምትፈልግ ነገረችን። ቤታችን ዌስት ሴንት ፖል ነው፤ በባስ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል።

"አንድ ሰዓት የማንበቢያ ጊዜ ነው" አልኳት።

"ዳድ፣ ባስ ውስጥ ሳነብ ያስታውከኛል።"

"እንግዲያው የማሰቢያ ጊዜ ነው።"

ዋናውን ምክንያት ሳልናገር አልቀረሁም። ገንዘብ ማስተዳደር የማያውቅ ሰው ቤት ማስተዳደር አይችልም፤ አንቺ ደግሞ አምስት ዶላር ቡና ለፈሰሰበት አንድ ብርጭቆ በረዶ የምትከፍዪ ልጅ ነሽ አልኳት። ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝ እኔን አይተሽ ተማሪ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ይህን ስል ጥሩወርቅ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ምግቧ ተመለሰች። ያን አስተያየት ያኔ ብረዳው ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

በዚያው ሰሞን የባስ ማደሪያው ውስጥ ቡና ስንጠጣ አንድ ሹፌር ስለ ክሬዲት ካርድ ምክር ሰጠኝ። እኔ ካርድ ከያዝኩ ጀምሮ ወር በወር የተጠቀምኩትን ጠርጌ ስከፍል ኖሬአለሁ፤ ወለድ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። እሱ ግን "ጠርገህ አትክፈል፤ ትንሽ አስቀርላቸው። ክሬዲት ስኮርህ ከፍ ይላል፤ ባንክ ሁሉ ያምንሃል" አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ያጣራል። እኔ ግን ነገሩ ወዲያው በራልኝ፤ ያደግሁበት ሥርዓት ነዋ! ሰው ቤት ተጋብዞ የቀረበለትን ጠርጎ የሚበላ አሳዳጊ የበደለው ነው። ጨዋ ሰው ትንሽ ይተዋል። ይህም ጠግቤአለሁ፣ ቤታችሁ ሙሉ ነው ማለት ነው፤ ጋባዡ ደስ ይለዋል፣ ገበታውም በረከት ያድርበታል። ካርድ ሰጪውስ ጋባዥ አይደለም? አባቴን አያውቅ፣ አገሬን አያውቅ፣ "ያሻህን ግዛ፣ በኋላ እንተሳሰባለን" ብሎ ገበታ ዘርግቶልኛል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሳህኑን በጣቴ ስጠርግ ኖሬአለሁ። እውነት ለመናገር አፈርኩ።

ሒሳቡንም ሳልሠራ አልቀረሁም። የካርዱ ወለድ በዓመት ሃያ አራት በመቶ ነው። ሃያ ዶላር ባስቀር፣ ወለዱ በዓመት አራት ዶላር ከሰማንያ፣ በወር አርባ ሳንቲም ይሆናል። በአርባ ሳንቲም ጨዋነት የት ይገኛል? በወር ወደ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር በካርዱ እጠቀማለሁ፤ ቤንዚን፣ አስቤዛ፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉንም። ያን ሁሉ ከፍዬ ሃያዋን በክብር ተውኩላቸው።

ጥሩ ነገር ለብቻ አይያዝም። ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ሱቅ ሄጄ ቶለሳም ባለበት ትምህርቱን ሰጠሁ።

"ስንት ነው የሚቀረው?" አለ ቶለሳ፤ ፊቱ ከወዲሁ ተጨማዶ።

"እንደ አቅምህ።"

"አንድ ዶላር።"

"አንድ ዶላር በረከት ነው ወይስ ስድብ?"

"አቅሜን አይደል የጠየቅከኝ፣ ፕሮፌሰር?"

እትዬ ዘነበች ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። "እነሱም ሠራተኛ አላቸው፣ እነሱም ቤት አላቸው። እኔ መቶ ዶላር አስቀርላቸዋለሁ" አሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የዚያን ዕለት ከሱቁ ስወጣ የሚኒያፖሊስን ሕዝብ በሙሉ ባስተምር ተመኝቼ ነበር። ሕዝቡ የተረፈው ቤንዚኔ ስላለቀ ብቻ ነው።

ወሩ አልፎ ሒሳቡ መጣ። ወለድ፤ ስልሳ አራት ዶላር ከሠላሳ አንድ ሳንቲም።

መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ አጠለቅኩ። ስልሳ አራቱ እዚያው አለ። ካርድ ሰጪው ጋ ኮል አደረግሁ። ሙዚቃ አሰሙኝ፤ ሙዚቃው ራሱ አዝኖልኝ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ድምጿ ማር የሆነ ልጅ አነሳችው።

"እመቤት፣ እኔ ያስቀረሁት ሃያ ዶላር ነው።"

"አዎ፣ ሰር።"

"ለሃያ ዶላር ስልሳ አራት ዶላር?"

"የሚሰላው በአቬሬጅ ዴይሊ ባላንስ ነው፣ ሰር።"

"የእኔ አቬሬጅ ነው ወይስ የሰዉ ሁሉ?"

"የእርስዎ ነው፣ ሰር።"

"ሰር የሚለውስ በስንት ይታሰባል?"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በጨዋነት ተሰነባበትን፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የሳቅኩት በምን እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። እንግዲህ ልጆች የሚያነቡት ከሆነ ይህን ይያዙ፦ ያልገባህን ነገር ስቀህ አትለፍ፤ ሳቁ ተለይቶ ይታሰባል።

ከዚያ ራሴን መረመርኩ። ሰው ቤት ሄደህ አንዲት ጉርሻ ብቻ ብትተው ጋባዡ ምን ይላል? ንቆኛል ይላል! የተቀየሙኝ ሃያ ዶላር አንሶባቸው ነው። በሁለተኛው ወር ሃምሳ አስቀረሁ። ወለዱ ስልሳ አምስት ዶላር ከአሥራ ሁለት ሳንቲም ሆኖ መጣ።

አሁን ተናደድኩ። ጨዋነት ለማያውቅ ጨዋ መሆን ዘርን ድንጋይ ላይ መዝራት ነው አልኩና፣ በሦስተኛው ወር የመጣውን ሒሳብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈልኩ። ባዶ ሳህን። የምላስ ምልክት እንኳ አልተውኩበትም። ከዚያ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

የሚቀጥለው ሒሳብ መጣ። ወለድ፤ አርባ አንድ ዶላር ከሰባት ሳንቲም።

ይህን ጊዜ ፈራሁ። ዕዳ ሲኖርህ ወለድ ይመጣል፤ ይገባኛል። ሙሉውን ከፍለህ ወለድ ሲመጣ ግን ተቀብሮ የተመለሰ ሰው በር ሲያንኳኳ ማለት ነው። ለጥሩወርቅ ልነግራት ፈልጌ ሒሳቡን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለቤዛማ እንዴት አድርጌ! እኔን አይተሽ ተማሪ ያልኳት ልጅ ናት።

በዚህ መሀል እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤቴ ደወል ተደወለ። ቶለሳና እትዬ ዘነበች ናቸው። ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ያን ጊዜ ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቅሁ።

"አንተ ልጅ" አሉ እትዬ ዘነበች፤ "በረከትህ ሱቄን ሊያዘጋው ነው።"

"በሁለት ወር መቶ ሰማንያ ስምንት ዶላር!" አለ ቶለሳ። "አንድ ዶላር አስቀር አልከኝ፣ ጎማ የገዛሁበትን ሁሉ ጎትቶ ወለደብኝ!"

"አንድ ዶላር ያልከው አንተ ነህ።"

"አቅምህን ያልከው አንተ ነህ!"

እትዬ ዘነበች መቶ ዶላር አስቀርተው የተጠየቁት በሁለት ወር ሠላሳ አንድ ዶላር ከሠላሳ ሳንቲም ብቻ ነው። ዕቃቸውን በጥሬ ገንዘብ ስለሚገዙ ካርዱን ብዙም አይነኩትም። እኔ ግን ይህን ጊዜ ሌላ ሐሳብ በራልኝ። "አያችሁ?" አልኩ፤ "አንድ ያስቀረው ብዙ ተቀጣ፣ መቶ ያስቀሩት ጥቂት። ለጋስን ያያሉ ማለት ነው!"

"የነገርከን ስለ ባንክ ነው ስለ ገዳም?" አለ ቶለሳ።

ጥሩወርቅ ኩሽና በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ቤዛም ከደረጃው ላይ ሰማች። ደረጃውን የወረደችው ቀስ ብላ ነው፤ ልክ ለረጅም ጊዜ ቀጠሮዋን ስትጠብቅ እንደነበረች ሰው።

"ዳድ፣ ወለዱ ከየት እንደመጣ እኔ ኤክስፕሌን ላድርግልህ?"

"አድርጊ።"

"ካደረግሁ ሙቭ አደርጋለሁ።"

እንግዶቹ ንዴታቸውን ረስተው ተመቻችተው ተቀመጡ። እኔም ክብሬን ሰብስቤ ውሉን ተናገርኩ፦ የመጀመሪያውን ወር ወለድ እስከ ሳንቲሟ ታሳያለች፤ የምታስረዳው ደግሞ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ በሚገባው አማርኛ ነው። አልገባኝም ካልኩ ሙቭ የለም። አማርኛዋን ስለማውቅ ልቤ ረጋ አለ። ይህ ጥሩ አስተሳሰብ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም ትንሽ አውቄው ነበር።

"ሽማግሌ ያስፈልጋል" አሉ እትዬ ዘነበች። "እኔ በልጅቷ በኩል ነኝ።"

"እኔም" አለ ቶለሳ።

"በእኔ በኩልስ?"

"አንተ በቂ ነህ፣ ፕሮፌሰር። አንተ ብቻህን አምስት ሰው ታደክማለህ።"

ቤዛ የምሳውን ፒዛ ካርቶን ገነጠለችና እስክሪብቶ አነሳች። "እሺ። ሃያ አራት ፐርሰንት የዓመት ነው። ለሦስት መቶ ስልሳ አምስት ታካፍላለህ። ስለዚህ መቶ ዶላር በቀን... ስድስት ሳንቲም ተኩል ምናምን ይከፍላል። በየቀኑ ያዩሃል።"

"ማን?" አለ ቶለሳ ወደ መስኮቱ እየተመለከተ።

"ኮምፒውተሩ፣ ኦቦ ቶለሳ። በየቀኑ ስንት እንዳለብህ ያያል፣ ወሩ ሲያልቅ ሁሉንም ደምሮ ለቀናቱ ቁጥር ያካፍላል። ያ ነው አቬሬጁ።"

"ያለብኝ ሃያ ዶላር ነዋ!" አልኩ።

"ኖ፣ ዳድ። ሃያውን ስታስቀር... ግሬስ ፒሪየዱን... ማሚ፣ ምን ይባላል? ሳትከፍል ነፃ የምትሆንበት ጊዜ?"

"እፎይታ" አለች ጥሩወርቅ ከኩሽና።

"የስ! ሙሉውን ስትከፍል እፎይታ አለህ፤ የገዛኸው ነገር አይቆጠርብህም። ካስቀረህ ግን እፎይታው ይሄዳል። የድሮው ሁለት ሺህ አራት መቶ እስከምትከፍልበት ቀን ይቆጠራል፤ አዲስ የገዛኸውም ከገዛህበት ቀን ይጀምራል። ቤንዚኑ ፍሮም ዴይ ዋን። ሽንኩርቱ ፍሮም ዴይ ዋን። ስለዚህ የአንተ አቬሬጅ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ምናምን ነው።"

"አልገባኝም" አልኩ። ዋሽቼ አይደለም፤ ግማሹ ገብቶኝ ግማሹ እንዳይገባ እየታገልኩት ነበር።

ቤዛ ከንፈሯን ነከሰች። ቃል ፈለገች። አማርኛዋ እዚያ ላይ አለቀ። ዓይኗ ሲሞላ ሳይ እኔም ያገኘሁት ድል ጣዕሙ ጠፋብኝ።

ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ የሊጥ ባልዲዋን ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ፣ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። ከታች አንድ ጭልፋ የምታህል እርሾ ቀርታለች።

"ቤዛ፣ ይህን ባልዲ ሳላጥብ አዲስ ዱቄት ብጨምርበት ምን ይሆናል?"

"ኢት ራይዝስ... ይነሳል?"

"ይቦካል። የትኛው ነው የሚቦካው? የቀረችው ብቻ?"

ቤዛ ከወንበሯ ዘለለች። "ሁሉም! ዳድ፣ ሁሉም ይቦካል! አንተ በረከት አላስቀረህም፣ እርሾ ነው ያስቀረኸው! ባልዲውን አላጠብክም!"

እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ቶለሳ ጉልበቱን መታ። "ለዚህ ነዋ አንድ ዶላሬ! እርሾ ትንሽ ነው፣ ጎማዎቼን ግን አራቱንም አቦካቸው!"

"ትንሽ ቆይ" አልኩ፤ ሰው ሲሰምጥ ሣር ይጨብጣል። "በሦስተኛው ወር ሙሉውን ከፍያለሁ። ባልዲውን አጥቤአለሁ። አርባ አንዱ ከየት መጣ?"

ቤዛ አላመነታችም። "ሒሳቡ ፎቶ ነው፣ ዳድ። ፎቶ ሲነሳ ዕዳው ቤቢ ነበር። አንተ እስክትከፍል ሳምንታት አለፉ። አንተ የከፈልከው ለፎቶው ነው፤ እሱ ግን አድጓል።"

ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የራሷ ፎቶ አለ፤ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ጊዜ፣ ከእሷ የሚበልጥ ቦርሳ አዝላ። ፎቶውን አየሁ፤ ፊቴ የቆመችውን አየሁ።

"ሳንቲሟስ?" አሉ እትዬ ዘነበች፤ ውል ውል ነውና። ቤዛ ካርቶኑ ላይ አባዛች፣ አካፈለች። ስልሳ ሦስት ዶላር ከስልሳ ዘጠኝ ሳንቲም።

"ስልሳ ሁለት ሳንቲም ጎደለ!" ብዬ ተነሳሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ዜግነት ያገኘሁ ቀን እንኳ ያን ያህል አልተደሰትኩም። ቶለሳ "ስልሳ ሁለት ሳንቲም እኔ እከፍልልሻለሁ!" ብሎ ኪሱ ገባ። ቶለሳ! ጥሩወርቅ ግንባሯን ያዘች። የቶለሳን እጅ ወደ ኪስ ሲገባ ያየንበት ሌላ ቀን የለም።

ቤዛ ግን አቀርቅራ ነበር። "ዌት" አለች። "የትናንቱ ወለድ ዛሬ ባላንሱ ላይ ይጨመራል። ዛሬ ደግሞ እሱ ራሱ ወለድ ይከፍላል።" እንደገና ሠራች። ስልሳ አራት ዶላር ከሠላሳ አንድ ሳንቲም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ካርቶኑን ወሰድኩ፤ ከአይብ ቅባቱ መሀል እያንዳንዱን ቁጥር ራሴ አባዛሁ፣ ራሴ አካፈልኩ። ልክ ነው። ሐሰት አልናገርም፤ ልክ ነው።

"ገብቶኛል" አልኩ።

"ምኑ ነው የገባህ?" አለች ጥሩወርቅ።

"ሁሉም።"

የዚያን ዕለት ሽማግሌዎቹን ሌክ ስትሪት ወስጄ እራት ጋበዝኩ። ስለ ወለዳቸው ልካሳቸው ስል እትዬ ዘነበች "ሞቼ እገኛለሁ!" አሉ፤ ቶለሳ ደግሞ ትንሽ አሰበና እሱም "ሞቼ እገኛለሁ" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ እሳቸው አልጠነከረም። ሦስታችንም ለፎቶው ሳይሆን እስከ ዕለቱ ያደገውን ጠርገን ከፍለን፣ እፎይታችን ተመለሰልን።

ትምህርት ሊጀመር ሲል ቤዛ ሙቭ አደረገች። ለአፓርትመንቱ መያዣ ድርሻዋን አምስት መቶ ዶላር እኔ ሰጠሁ፤ ዕቃዋን ለጫንበት ቫን ኪራይ ሰባ አምስት። ቶለሳ ፍራሹን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ አወጣ፤ "ኪራዩ ስንት ነው?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ሲሰማ ፍራሹን ደረጃው ላይ ሊለቀው ነበር። አልጋዋን ገጠምኩ፤ ራሴ ስለገጠምኩት አራት ብሎን ተረፈ። ቤዛ አቅፋኝ "ታንክ ዩ፣ አባዬ" አለች። ዳድ አላለችም።

ጥሩወርቅ ከቶለሳ ጋር በታክሲው ቀድማ ሄደች። እኔ ቫኑ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ከተትኩ፤ ግን አላስነሳሁትም። መስኮቷ ከመንገዱ ይታያል። መጋረጃ አላደረገችም፤ ከጓደኞቿ ጋር የሆነ ነገር ሊሰቅሉ ይታገላሉ፣ ይወድቃል፣ ይስቃሉ። መዶሻ አያያዟ ልክ አይደለም። ወጥቼ ልነግራት አሰብኩ። ተውኩት። በኋላ ሰቀሉት፤ ጠማማ ነው፣ ግን ቆመ። ቀና ስል የመኪና ማቆሚያ ቅጣት የሚጽፈው ሰውዬ ወረቀቱን መስታወቴ ላይ እያስቀመጠ ነበር፤ አርባ ሁለት ዶላር። አመሰገንኩት፤ እሱም ግራ ገባው።

እነሆ የሁላችን ሒሳብ። የእኔ ወለድ መቶ ሰባ ዶላር ከሃምሳ፣ የቶለሳ መቶ ሰማንያ ስምንት ዶላር ከሃያ፣ የእትዬ ዘነበች ሠላሳ አንድ ዶላር ከሠላሳ፤ የሽማግሌዎቹ እራት ሰማንያ አራት፤ ቫኑ፣ የቤቱ መያዣ፣ ቅጣቱ ተጨምሮ፦ አንድ ሺህ ዘጠና አንድ ዶላር።